የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ቁጥሩን እንዴት እንስማው?

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ማግስት ከጦር ኃይሎች እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ፣ የሚጠየቀው አንድ ነው። "ዘንድሮ ስንት በመቶ አለፈ?" ቁጥሩን የሰማ ሁሉ ወዲያው አስተያየቱን ይሰጣል። አንዱ መንግሥትን ይወቅሳል፣ ሌላው መምህሩን፣ ሌላው የዘመኑን ልጅ ከነስልኩ። አስተያየት መስጠት መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 አረጋግጦታል። ነገር ግን ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ሳናውቅ ብንከራከር ልጆቻችን ከክርክሩ የሚያገኙት ነገር የለም።

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ወላጅ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ዜናው የትኛውን ክፍል እንደሚተው፣ ከኪስዎ ምን እንደሚያስወጣዎትና እርስዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በተራ እንይ። የራሴንም አስተያየት እነግርዎታለሁ።

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014ን ፈተና ውጤት ሲናገሩ አገሩ ደነገጠ። ውጤታቸው ከተገለጸ 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ደግሞ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

"ታዲያ ከዚያ በፊት እንዴት ብዙ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባ ነበር?" ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀድሞ ማለፊያው በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። "የመቁረጫ ነጥብ" ይባላል። ዩኒቨርሲቲዎች መቀበል የሚችሉት የተማሪ ብዛት ይታይና ነጥቡ በዚያ ልክ ይቆረጣል። ቦታ ሲኖር ከግማሽ በታች ያመጣም ይገባ ነበር። ከ2014 ፈተና ጀምሮ ግን መስፈርቱ ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹን ማምጣት ሆነ። ስለዚህ የድሮውን "አለፈ" ከአሁኑ "አለፈ" ጋር ማወዳደር አይቻልም። መለኪያው ራሱ ተቀይሯል።

የፈተናው አሰጣጥም ተቀይሯል። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ያስታውሳሉ። ከዚያም በኋላ ስርቆቱና መኮራረጁ አልቆመም። በ2014ቱ ፈተና ግን ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እያደሩ፣ ስልክ ሳይዙ ተፈተኑ። የተሰራጨ መልስ ይዞ መግባት ከባድ ሆነ። የ3.3 በመቶ ድንጋጤ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ልጆቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰነፍ አልሆኑም። ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ታየ።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጡትን ቁጥሮች እንይ። በ2015 ያለፉት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ቁጥሩ 36,409 ደረሰ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ደግሞ 48,929፤ 8.4 በመቶ። ዜናው "ውጤቱ እየተሻሻለ ነው" አለ። እውነት ነው፣ የ2017ቱ አላፊዎች ከ2014ቱ ከ19 ሺህ በላይ ይበልጣሉ። ይህን መካድ የልጆቹንና የመምህራኑን ልፋት መካድ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። የመቶኛ ስሌት ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፤ ያለፉትንና የተፈተኑትን። በ2014 የተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ይጠጋሉ። በ2017 ግን 585,882 ናቸው። ከ310 ሺህ በላይ ቀንሰዋል። የተፈታኙ ብዛት እንደ 2014ቱ ቢሆን ኖሮ ያው 48,929 አላፊ 8.4 ሳይሆን ወደ 5.5 በመቶ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከ3.3 ወደ 8.4 የተደረገው ጉዞ ከፊሉ የአላፊዎች መብዛት ነው፣ ከፊሉ የተፈታኞች ማነስ።

እነዚያ ልጆች የት ሄዱ? ሁሉንም በአንድ ምክንያት ማስረዳት አይቻልም። አንዱ ምክንያት ግን ይታወቃል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። በትግራይም ከ2013 እስከ 2015 በዘለቀው ጦርነት አንድ ትውልድ ዓመታት ባክነውበታል። ለፈተና ያልተቀመጠ ልጅ ወዳቂ ተብሎ አይቆጠርም። በመቶኛው ውስጥ ጭራሽ የለም። እኔን ከ3.3ቱ ቁጥር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ስለዚህ ዜና ሲሰሙ "ስንት በመቶ?" ብቻ ሳይሆን "ከስንት?" ብለው ይጠይቁ። ከዚያም "አምና ስንት ነበሩ?" ይበሉ።

ዜናውስ ይህን ለምን አይነግረንም? ብዙውን ጊዜ የዜናው ምንጭ አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ሚኒስቴሩ የሰጠው ቁጥር በቴሌቪዥን ይነበባል፣ በቴሌግራም ገጾች ይቀባበሉታል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ ከእናቱ ጋር ይቀርባል። ያ ልጅ መመስገን አለበት። ነገር ግን አንድም ተማሪ ወዳላሳለፈው ትምህርት ቤት ሄዶ ቤተ ሙከራውን፣ የመጻሕፍቱን ብዛት፣ የፊዚክስ መምህሩ ስንት ክፍል እንደሚይዝ የሚያሳየን ዘጋቢ እምብዛም አናይም። በሪፖርተርና በመሰሎቹ ጋዜጦች አንዳንድ ጊዜ ሰፋ ያለ ዘገባ ይወጣል። ያም ቢሆን የእርስዎን ወረዳ ቁጥር አይነግርዎትም። የአዲስ አበባ አማካይ ከአገር አቀፉ ከፍ ያለ ነው፤ አማካይ ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይደብቃል።

እስኪ ደግሞ በሰፈራችን የሚሰሙትን አስተያየቶች አንድ በአንድ እንያቸው። "መንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዳይገቡ ሆን ብሎ ይጥላቸዋል" የሚሉ አሉ። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አላየሁም። እንዲያውም ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች "ሪሜዲያል" የተባለ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፍቷል። ሚኒስቴሩ የቆረጠውን ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች ለጥቂት ወራት ተምረው ይፈተናሉ፣ ካለፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። የመንግሥት ጥፋት ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። መለኪያውን ያጠበቀው ከላይ፣ በመጨረሻው ክፍል ነው። ከታች ያለውን ማስተማር ግን በዚያው ፍጥነት አላጠበቀም።

"የዘመኑ ልጅ ሰነፍ ነው" የሚለውን ደግሞ በዘመን እንመዝነው። በ2014 የተፈተነው ልጅ 1ኛ ክፍል የገባው ዓመት ሳይደግም ከሆነ በ2003 ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያለፈው በ"ነፃ ዝውውር" ነው፤ ማለትም ማንበብ ቻለም አልቻለም ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገር ነበር። 10ኛ ክፍል ሲደርስ በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ከግማሽ ዓመት በላይ ተዘጋ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም በዚያው ዘመን ቀረ። ስለዚህ ይህ ልጅ በአገር ደረጃ ሳይመዘን 12ኛ ደረሰ። ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው፤ የተጓዘበትን መንገድ ሳያዩ መፍረድ ግን ግፍ ነው።

መምህሩን የሚወቅሱም አሉ። ችላ የሚል መምህር የለም አልልም። ነገር ግን ከወር ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ በተረፈው የማይኖር መምህር ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ልንፈርድበት ይከብዳል። ከጀርባው ምን እንዳለ እናስብ።

ፖለቲካውም ወደ ግቢ ሲገባ ዋጋ ያስከፍላል። በ2015 የመጀመሪያ ወራት በአንዳንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማ መስቀልና መዝሙር ማዘመር ያስነሳውን ውዝግብ አይተናል። ትምህርት ተቋረጠ፣ ልጆች ታሰሩ፣ ወላጅ ደነገጠ። በጉዳዩ ላይ የየራሳችን አቋም ይኖረናል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ክርክሩ በአዋቂዎች መድረክ ይደረግ፣ ልጅ ከክፍል አይውጣ። የባከነውን ቀን ፈተና ላይ የሚከፍለው ተማሪው ብቻ ነውና።

እንግዲህ ችግሩ ከየት ይጀምራል? የቧንቧ ውሃ ጫፉ ላይ ሲጠፋ ጫፉን መደብደብ ዋጋ የለውም፤ ሽቅብ ሄዶ የሚያፈስበትን ቦታ መፈለግ ነው። በትምህርትም እንዲሁ። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ይህ አገር አቀፍ ነው፣ በከተማ የተሻለ ይሆናል። ቢሆንም ነገሩን ያሳያል። በ4ኛ ክፍል በአማርኛ አንብቦ ያልተረዳ ልጅ በ7ኛ ክፍል ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞርበት ይጠፋል። በአዲስ አበባ ሽግግሩ የሚደረገው እዚያ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያሳየን ከዚያ ጀምሮ ሲከማች የቆየውን ጉድለት ነው።

ወደ ወጪው እንምጣ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም። ከ2012 ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባል፣ ታች ክፍል ያሉትም ይመገባሉ። አጠና ተራ ተሸክሞ ለሚውል አባት፣ አየር ጤና ጉሊት ለምትቸረችር እናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጅ በልቶ ሲማር ከክፍል አይቀርም። ይህ መልካም ሥራ መሆኑን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ያልተቆጠረ ወጪ ግን አለ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ መጻሕፍቱ ዘግይተው ስለነበር ብዙ ተማሪ በስልክ ፒዲኤፍ ሲያነብ፣ ወላጅም ለኢንተርኔት ዳታና ለፎቶ ኮፒ ሲከፍል ቆይቷል። የትራንስፖርት አለ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ማጠናከሪያ ትምህርት ነው፣ "ቲቶሪያል" የምንለው። ወላጅ ልጁ 11ኛ ወይም 12ኛ ሲደርስ ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል። እኔ የምመክርዎት ያንን ገንዘብ ቀድመው እንዲያወጡት ነው። 12ኛ ላይ ሂሳብ ከመሠረቱ የሚያስተምር አስጠኚ የለም፤ ያለፉ ዓመታትን ጥያቄዎች ነው የሚያሠራው። 3ኛ ወይም 4ኛ ክፍል ላይ ግን ጥቂት ወር ማንበብን ማገዝ ልጁን ለዓመታት ይሸከመዋል። ቤት ውስጥ አንባቢ ታላቅ ልጅ ካለ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ ይሆናል።

"ወደ ግል ትምህርት ቤት ላዛውረው?" የሚል ጥያቄም ይመጣል። ከመወሰንዎ በፊት የግሉንም ትምህርት ቤት እንደ መንግሥቱ ይጠይቁ። በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? መምህራን በዓመት ስንት ይለቃሉ? የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪ ስንት ነው? የእንግሊዝኛ ስምና ባለ ቀለም ግድግዳ መልስ አይሆንም። ክፍያውን እስከ 12ኛ መዝለቅ የማይችሉ ከሆነ በመሃል ማዘዋወሩ ልጁን ያናውጠዋል።

የእርስዎን ትምህርት ቤት ቁጥር ደግሞ እንዴት ያገኛሉ? መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ። ካልሆነ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የክፍለ ከተማውን። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት ለእርስዎ ሰጥቷል። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፣ ለምን እንደፈለጉትም እንዲያስረዱ አይገደዱም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ኮፒ ካስፈለገ የኮፒውን ዋጋ ይከፍሉ ይሆናል። መልስ ከተነፈግዎ አቤቱታ የሚቀበለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በጽሑፍ ቢያቀርቡና ቀኑ ያለበትን ኮፒ ቢይዙ ይሻላል።

በትምህርት ቤቱ ውስጥም በር አለ። ወተመህ ይባላል፤ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚመደብለትን ገንዘብ፣ "ብሎክ ግራንት" የሚባለውን፣ ምን ላይ እንዳዋለው መጠየቅ የሚቻለው በዚያ ነው። ብዙ ወላጅ ስብሰባው መዋጮ ለመሰብሰብ ብቻ ይመስለውና ይቀራል። አንዳንዴም እንደዚያ ነው። "ትምህርት ለትውልድ" በተባለው ንቅናቄ ሕዝቡ ክፍል ለማደስ ብዙ አዋጥቷል። ያዋጣ ሰው መጠየቅም ይችላል። ቀለም ከተቀባው ግድግዳ ቀጥሎ "የ3ኛ ክፍል ልጆች ስንቶቹ ያነባሉ?" ማለት ነውር የለውም።

አስተያየትዎን በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ የሚጽፉ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃን ሆን ብሎ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ሰው ቅጣቱ ከዚህ ይበልጣል። ትችት ወንጀል አይደለም። "ፈተናው ወጥቷል" ብሎ ያልተረጋገጠ ምስል ማጋራት ግን እርስዎንም ያስጠይቃል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያጠናውን ልጅም ያሸብራል። "ውጤት እናስቀይራለን" ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ የቴሌግራም ገጾችንም አይመኑ። ገንዘብዎን ይበላሉ እንጂ የሚቀይሩት ነገር የለም። ውጤት የሚታየው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ድረ ገጽና ባለፉት ዓመታት በተሠራበት የ6284 አጭር መልእክት ነው።

ልጅዎ ግማሽ ሳያመጣ ቀርቶ ከሆነስ? መጀመሪያ ቤት ውስጥ አይሰደብ። ውጤቱ ልክ አይደለም ብሎ ካመነ ቅሬታ ማቅረቢያው ክፍት ሳለ በወቅቱ ያስገባ። የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ እስኪነገር ይጠብቅ። ካልደረሰው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል፣ ወይም ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የሚያስተዳድረውን ሥራ ይማራል። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ተፈታኞች ከእሱ ጋር አብረው ናቸው፤ ይህን ይንገሩት።

ታናናሾች ካሉ ደግሞ ዛሬ ማታ የአማርኛ መጽሐፋቸውን ያውጡና አንድ ገጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡልዎት፣ ምን እንዳነበቡም በራሳቸው ቃል እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። ካልቻሉ ነገ ጠዋት የክፍል ኃላፊ መምህራቸውን ያነጋግሩ። እስከ 12ኛ ክፍል ዜና ድረስ አይጠብቁ።